የባለ እጅ ማኅበር፤ ከአዋጅ እስከ ሼድ

1. ፍላጎቱ ከየት መጣ

የመንዝ ገበሬ ያለ ማረሻ ገብስ አይዘራም፤ ማረሻው ደግሞ ያለ ቀጥቃጭ አይሠራም፣ ሲደንዝም አይሳልም። እንጀራ ያለ ምጣድ፣ ቡና ያለ ጀበና፣ ጠላ ያለ ጋን የለም። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነው ደጋ የሌሊቱን ውርጭ የሚመክቱት ባና፣ ዝተትና በርኖስ የመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎና ተሸምኖ የሚወጡ ናቸው። በግሼም፣ ከጀማ ሸለቆ ማዶ ባለው መርሐቤቴም ኑሮው በእጅ ሥራ ላይ የቆመ ነው። ይህ አገር ግን እርሻውን፣ ማጀቱንና መኝታውን የሚሠራለትን ሰው ለብዙ ዘመን ከማዕዱም ከጋብቻውም አርቆ አኖረው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ተባሉ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ተብሎ ተወራባቸው። ቁጥራቸው ጥቂት በመሆኑና በየመንደሩ ዳርቻ ተበታትነው በመኖራቸው ሐሜቱን የሚመክት ወገን አልነበራቸውም።

ነገሩ በስድብ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ከስድቡ በታች የነበረው የመሬት ጉዳይ ነው። በርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአቅኚ አባት በሚቆጠር ዘር ነበር። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በሚል በሦስት የተከፈለው መንዝም የቆመው በዚሁ ቆጠራ ላይ ነው። እዚያው መንዝ ያለውን የጓሳ ሣርና ግጦሽ ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረው የቄሮ ሥርዓት እንኳ የመጠቀም መብት የሚሰጠው ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ ለሚወለዱ ነበር። ጓሳ ዛሬ ማኅበረሰብ ራሱ ለጠበቀው የተፈጥሮ ሀብት በዓለም ፊት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ያ ሥርዓት ማንን እንዳቀፈ ስናነሣ ማንን እንዳላቀፈም ማንሣት አለብን። ከአቅኚው የማይወለድ ባለ እጅ ርስት ስለሌለው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወይም ማረሻና ማጭድ እየሠራ በአውድማ ጊዜ እህል ይሰፈርለታል። ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። ዋጋው አነሰኝ ብሎ የሚከራከርበት አቅምም አልነበረውም፤ ጎጆው ያለችው በገዢው መሬት ላይ ነውና።

እንግዲህ የባለ እጅ ማኅበር የሚባለው ተቋም የተፈለገው ለሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥሬ ዕቃ፣ ገንዘብና ገበያ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ስለ ዋጋ፣ ስለ ቦታና ስለ ክብር የሚከራከር ጠበቃ ማግኘት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ተቋሙን በየተራ ያሳደጉት ዘመናት ከሁለቱ አንዱን ብቻ እየሰጡ ሌላውን ትተውታል፤ የዛሬውም ድክመት ከዚያ የመጣ ነው።

2. ከማኅበር በፊት፤ የቤተ መንግሥት ጥላ

ማኅበር ሳይኖር ለባለ እጅ ከለላ የነበረው ንጉሥ ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ የወጣ ነው፤ መሥራቹ ነጋሢ ክርስቶስ መነሻው አጋንቻ ነበር። የእርሱ ተከታዮች ወደ አንኮበር ሲሰፉ ጦር የሚሠራ፣ ጠመንጃ የሚጠግንና ሕንፃ የሚያቆም ሰው አስፈለጋቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በአንኮበር አቅራቢያ ማንጠቅ በተባለ ቦታ ተለይተው ስለሚኖሩ ጠቢባን ጽፏል። ንጉሡ በእጃቸው ሥራ ይጠቀማል፤ ሕዝቡ ደግሞ አስማተኞች ናቸው ብሎ ይፈራቸዋል። የዚህ ማኅበረሰብ ወገኖች መነሻቸውን ከቤተ እስራኤል ይቆጥራሉ። ወደ ምሥራቁ ቁልቁለት፣ አልዩ አምባ ገበያ አካባቢ ደግሞ የአርጎባ ነጋዴዎችና ሸማኔዎች በሃይማኖትም በቋንቋም ከደገኛው የተለዩ አናሳ ሆነው በንግድና በእጅ ሥራ ይኖሩ ነበር።

የንጉሥ ጥላ ይጠብቃል፤ ተቋም ግን አይሆንም። ባለ እጁ የሚጠበቀው ለንጉሡ እስከ ጠቀመ ድረስ ነው፤ ንጉሡ ሲሞት ወይም መቀመጫውን ሲለውጥ ከለላውም አብሮ ይሄዳል። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ብዙ የሰሜን ሸዋ ባለ እጆች ተከትለው ወረዱ። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪና የሸማኔ ሰፈር የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ቀጥቃጩንም፣ ሸማኔውንም፣ ፋቂውንም የሚመለከት ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ሥልጣን ስድቡን ጥፋት ብሎ በግልጽ መፈረጁ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ጉድለቱ አስፈጻሚ የሌለው መሆኑ ነው። የተሰደበው ሰው ወዴት ሄዶ ይክሰስ? ዳኛው ባለ ርስት ነው፤ ጭቃ ሹሙ ባለ ርስት ነው፤ ምስክሩም ባለ ርስት ነው። መሬቱን ያልነካ አዋጅ ከተነበበበት አደባባይ ብዙም አልራቀም።

3. መሬትና ማኅበር፤ ከ1967 እስከ 1983

የኅብረት ሥራ ሕግ በኢትዮጵያ የተጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞችን ኅብረት የሚመለከት ድንጋጌ ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 241 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በጠቅላላ ሕጋዊ አደረገ። ሁለቱም በዋናነት ያተኮሩት በእርሻ ምርት ላይ ስለነበር ለመንዝ ቀጥቃጭ የጨመሩለት ነገር አልነበረም። በዚያው በ1950ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተከለ። ፋብሪካው ለከተማዋ ሥራ አመጣ፤ ለባና ሸማኔው ግን ተወዳዳሪ ሆነበት፤ የቤት ሸማኔው ከፋብሪካው ጎን እንዴት እንደሚቆም ያሰበለት አካል አልነበረም።

ትክክለኛው ለውጥ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት ቀረ፤ የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ቀረ፤ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት ሆነ። ከአቅኚ አባት የማይቆጠረው ባለ እጅ በትውልዱ ዘመን ሁሉ ያላገኘውን የማሳ ድርሻ በሕግ መጠየቅ ቻለ። ስለ ደርግ ዘመን ብዙ መራራ ነገር መናገር ይቻላል፤ ይህን አንድ ነገር ግን ሳይቀንሱ መመስከር ያስፈልጋል። ከምኒልክ አዋጅ ያልተገኘው ሥር ነቀል ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ስድቡን የተሸከመው የመሬት ሥርዓት ራሱ ተነቅሏልና።

በ1969 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 124 የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ሃሲዳ ተቋቋመ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን እንደገና አደራጀ። ባለ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አገኘ፤ መዝገብ፣ ማኅተምና ሊቀመንበር ያለው ማኅበር ሆነ። ክርና ብረት በማኅበር በኩል ይከፋፈል ጀመር። ነገር ግን ማኅበሩ የአባላቱ መሆኑ ቀርቶ የዕቅዱ ሆነ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚሸጥና ለማን እንደሚያስረክብ የሚወሰነው ከላይ ነበር። ያልተደራጀ ሸማኔ ክር ይቸገራል፤ የተደራጀው ደግሞ መውጣት ያስፈራዋል። በዚህ ምክንያት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ይህን አይቶ «ባለ እጅ መደራጀት አይወድም» የሚል ድምዳሜ ላይ የደረሰ ብዙ ነው። ድምዳሜው የተሳሳተ ነው። የፈረሰው የትእዛዝ ማኅበር ነው። ዕድርና ዕቁብ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰው መካከል ቆመው ቀጥለዋል።

4. ብድርና ሼድ፤ ከ1983 ወዲህ

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የተሠራው አዲስ ቤት ሦስት ምሰሶዎች አሉት። አንደኛው የገንዘብ ተቋም ነው፤ በ1988 ዓ.ም. የወጣው የአነስተኛ ፋይናንስ ሕግ መንገዱን ከፍቶ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ በመላው ክልሉ ተዘረጋ። ይኸው ተቋም በቅርብ ዓመታት ጸደይ ባንክ ሆኗል። ሁለተኛው በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ልማት ስትራቴጂና እሱን ተከትሎ የተቋቋመው የፌዴራል ኤጀንሲ ነው። ሦስተኛው በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ሲሆን በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል።

በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተሻሽሎ መለኪያዎቹ ተለይተው ተቀመጡ። በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 100 ሺህ ብር ሀብት ያለው ጥቃቅን ተባለ፤ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ሀብት ያለው አነስተኛ ተባለ። ሼድ፣ ሥልጠና፣ ብድርና የገበያ ትስስር በአንድ ማዕከል አገልግሎት እንዲሰጡ ታሰበ። መለኪያው የሠራተኛ ቁጥርና የሀብት መጠን ነው፤ ሰውዬው ለምን ትንሽ ሆኖ እንደቀረ አይጠይቅም። ቅድሚያ የተሰጠውም ለከተማ ሥራ አጥ ወጣት፣ ከዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ለሚወጣው ተመራቂ ነበር። ይህ ተገቢ ነው፤ የወጣቱ ችግር እውነተኛ ነውና። ግን በግሼ አንድ የገጠር ቀበሌ የምትኖር ሸክላ ሠሪ የከተማ ነዋሪ አይደለችም፤ ተመራቂም አይደለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነች ሥራ አጥም አይደለችም። በሦስቱም መስፈርት ከመዝገቡ ውጭ ትቀራለች። ሼዱ የሚሠራው ከተማ ውስጥ ነው፤ አፈሩና ኩበቱ ያለው ግን እሷ ዘንድ ነው።

በዚህ ዘመን በመንዝ አንድ የተሳካ ነገር አለ፤ ለንጽጽርም ይጠቅማል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ አርቢዎች በማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ፕሮግራም ተደራጅተዋል፤ አውራ በግ በጋራ ይመርጣሉ፣ በጋራ ይጠቀማሉ፣ ማኅበር መሥርተው ይሸጣሉ። ከጎናቸው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ቆመዋል። የተሳካው ከብድር የበለጠ ነገር ስላገኙ ነው፤ መረጃ የሚይዝላቸው፣ ገበያውን የሚያጠናላቸውና በየመድረኩ ስለ እነሱ የሚናገር አካል አለ። የዚያው በግ ጠጉር ወደ ፈታይዋና ወደ ሸማኔው ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለም። ለባለ በጉ የተደረገው ለባለ እጁ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

5. አወቃቀሩ፣ ክፍተቱም

ኅብረት ሥራ ማኅበር እስከ 2009 ዓ.ም. በሠራው በአዋጅ 147 መሠረት በትንሹ 10 ሰዎች የሚመሠርቱት ድርጅት ነበር። የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ጉባኤው የሥራ አመራር ኮሚቴና የቁጥጥር ኮሚቴ ይመርጣል። እያንዳንዱ አባል ያለው የዕጣ ብዛት ምንም ይሁን ምን አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ በአዋጅ 147 ማንም ከተከፈለው ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ አይዝም ነበር። ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ የቀረው ለአባላት ይከፋፈል ነበር። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን፣ ዩኒየኖች ፌዴሬሽን ይሆናሉ። ንድፉ መልካም ነው፤ ሀብታሙ ድሃውን በድምፅ እንዳይውጠው ይከላከላል። ገበሬው ከዚህ እርከን ተጠቅሟል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚደርሰው በዩኒየን በኩል ነው። የባለ እጁ ማኅበር ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው እርከን ላይ ይቀራል፤ ብረትና ክር በብዛት ለመግዛትም ሆነ ከወረዳው ጋር ለመደራደር የሚበቃ ቁመት አያገኝም።

ዋናው ክፍተት ያለው ግን ዋስትናው ላይ ነው። አነስተኛ ብድር የሚሰጠው በቡድን ዋስትና ነው፤ ጎረቤታሞች ተመራርጠው ቡድን ይመሠርታሉ፣ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ዘዴው ሀብት ለሌለው ድሃ ታስቦ የተቀመረ ነው፤ መያዣ የሌለውን ሰው ጎረቤቱ ይዋሰዋል። ይሁን እንጂ ዘዴው የቆመው በመንደር መተማመን ላይ ስለሆነ የመንደሩን መገለልም ይዞ ይገባል። ልጁን የማይድርለት፣ ከማዕዱ የማያስቀምጠው ጎረቤት በብድር ቡድን ውስጥ ቀድሞ ይመርጠዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ባለ እጆች ለብቻቸው ቡድን ቢመሠርቱ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሥራና በአንድ ገበያ ላይ ያሉ ስለሆኑ የክረምቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጥራቸዋል፤ ያን ጊዜ ቡድኑ ዋስ መሆኑ ይቀራል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 የመሬት የመጠቀም መብትን በመያዣነት ማስያዝ ፈቅዷል። ይህም የሚጠቅመው ሰፋ ያለ ይዞታ ላለው ነው፤ መሬት በጣም በጠበበበት ደጋ ባለ እጅ ያለው ኩርማን ማሳ ብዙ ብድር አያስገኝም። የገንዘብ ተቋሙ ማንንም በክፋት አላገለለም። ሕጎቹ ለሁሉም እኩል ናቸው፤ የሚፈጸሙበት መንደር ግን እኩል አይደለም።

6. የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያውና ከልብ የሚነሣው ተቃውሞ «ስሙን ማንሣት ቁስሉን መቀስቀስ ነው» የሚል ነው። ስድቡ እየጠፋ ሳለ «የተገለሉ ባለ እጆች» ብሎ ለብቻ መመዝገብ መለያውን ያድሳል ይላሉ፤ ከማኅበረሰቡ ውስጥም ይህን የሚሉ አሉ፣ ልጆቻቸው በአዲስ ስም አዲስ ሕይወት እንዲጀምሩ ይመኛሉ። ይህ በቁም ነገር መወሰድ ያለበት ፍርሃት ነው። መልሱ ያለው በመመዝገቢያው አቀራረብ ላይ ነው። በዘር የሚመዘግብ ተቋም በእርግጥ ይጎዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ትእዛዝ የአናሳዎችን ንግድ የሚደግፍ መሥሪያ ቤት አቋቁማ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የቴክሳስ ፌዴራል ፍርድ ቤት አገልግሎቱን በዘር መወሰን አይችልም ብሎ ፈረደበት። ለእኛ የሚሻለው መስፈርት ሥራና ይዞታ ነው። ብረት ይቀጠቅጣል ወይ? ሸክላ ትሠራለች ወይ? የመሬት ይዞታው ከቀበሌው አማካይ ያነሰ ነው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የማንንም አያት ሳይጠሩ የተገለለውን ሰው ያገኙታል፤ ቀጥቃጭ የሆነ የባለ ርስት ልጅ ቢመጣም በሩ አይዘጋበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለምን እነሱ ብቻ? ገበሬውም ድሃ ነው» የሚል ነው። የመንዝ ገበሬ ድህነት አያጠራጥርም፤ በልግ ሲጠፋ የሚደርስበትን ሁሉም ያውቃል። ገበሬው ግን የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የልማት ሠራተኛ፣ ዩኒየንና የምርምር ማዕከል አሉት። ለባለ እጁም ተመጣጣኙ ይሁንለት ማለት ከገበሬው መንጠቅ አይደለም። ሕንድ የመንግሥት ግዢ ከአነስተኛ አምራቾች እንዲፈጸም ስትደነግግ በመጀመሪያ 20፣ በኋላ 25 በመቶ መድባ፣ ከዚህ ውስጥ 4 በመቶው በመገለል ለኖሩት ማኅበረሰቦች እንዲሆን ለይታለች። የቀረው ለሌሎች ትንንሽ አምራቾች ክፍት ነው።

ሦስተኛው የሙያውን ሞት ይተነብያል፤ ፕላስቲክ እንስራውን፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ባናውን፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ማጭዱን ተክቷል፣ የሚሞትን ነገር መደገፍ ብክነት ነው ይላል። በከፊል እውነት ነው። ማድጋ የምትሸከም ሴት በጄሪካን ብትተካው ማንም ሊያዝንባት አይገባም። ምጣዱ ግን አልተተካም፤ ጀበናው አልተተካም፤ ለድንጋያማው ማሳ የሚስማማ ማረሻም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ እየተቀጠቀጠ ዛሬም የሚወጣው ከመንደሩ ወናፍ ሥር ነው። በቀጨኔ ሴት ሸክላ ሠሪዎች ተደራጅተው ለከተማው ገበያ መሥራት የቻሉት ሙያው አዲስ ገዢ ስላገኘ ነው። ከሰሜን ሸዋ የሄደው እጅ አዲስ አበባ ላይ ከበቃ በአገሩ የማይበቃበት ምክንያት የገበያና የጠበቃ እጦት ነው።

7. ዛሬ

ዛሬ ማኅበራቱ ያሉበት ሁኔታ ከባድ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መንዝ ድረስ ደርሶ ንብረት ወደመ፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የቀጠለው ግጭት መንገድና ገበያን አውኳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው ዛሬ የሠራውን ዛሬ ሸጦ የሚያድር ሰው ነው፤ ጎተራ የለውምና።

ባለ እጁን የሚመለከቱት የመንግሥት አካላት የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትና የኢንተርፕራይዝ ልማት ዘርፉ ናቸው። አቅራቢዎች ናቸው፤ ያደራጃሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ ከአበዳሪ ጋር ያገናኛሉ። ጥብቅና ግን የሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም፤ ለቀጥቃጩ ቦታ ሲነፈገው፣ አፈር መቆፈሪያው ለሌላ ሲሰጥ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ሲሰደብ የሚከራከርለት የተመደበ ሰው የለም። ይህን የሚሠራ አካል ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሕጉ የፈቀደውን ዩኒየን ለባለ እጆች ማቋቋም ይበቃል። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት በአንድ የእደ ጥበብ ዩኒየን ቢሰባሰቡ ብረትና ክር በጅምላ ይገዛሉ፤ የዩኒየኑ መጠባበቂያ ለአባላት የብድር ዋስ ሆኖ የመንደሩን ቡድን ይተካል፤ በዞኑ መድረክም ወንበር ይኖራቸዋል። ግዢ ደግሞ በእጅ ላይ ያለ መሣሪያ ነው። ዓለም ከተማ ያለው የእናት ሆስፒታል፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ በዞኑ ያሉ አዳሪ ማሠልጠኛዎች ብርድ ልብስ፣ ምጣድና የእጅ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ከዚህ ጥቂቱን ከአካባቢው ማኅበራት ቢገዙ ለአንድ ሸማኔ የዓመት ሥራ ይሆናል።

የሰሜን ሸዋ ዞን የኅብረት ሥራ ኃላፊዎችና የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወረዳ ምክር ቤቶች ይህን በሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅዳቸው ውስጥ ያስገቡት። የመጀመሪያው ሥራ በየቀበሌው ስንት ቀጥቃጭ፣ ስንት ሸክላ ሠሪና ስንት ሸማኔ እንዳለ፣ ስንቶቹስ ብድር እንዳገኙ ቆጥሮ መመዝገብ ነው።